መካከለኛ የሚመስለው ቁጥር፦ የበረዶ ናዳና የተራራ ጉዞ በካስኬድ

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1910 ከሌሊቱ 7 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ካስኬድ በሚባሉት ተራሮች ላይ ባለው ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ፣ ዌሊንግተን በተባለች ትንሽ የባቡር ጣቢያ በበረዶ ተይዘው ለቀናት የቆሙ ሁለት ባቡሮችን ከተራራው የወረደ የበረዶ ናዳ ጠርጎ ሸለቆ ውስጥ ከተታቸው። 96 ሰዎች ሞቱ። በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋ ሌላ የበረዶ ናዳ የለም። ለቀናት ያለማቋረጥ ሲወርድ የሰነበተውን በረዶ ዝናብ ተከትሎት ነበር፤ ከጣቢያው በላይ ያለው ተዳፋትም ደኑ ቀደም ሲል በእሳት ስለተራቆተ በረዶውን አንቆ የሚይዝለት ዛፍ አልነበረውም። (ፓስ የሚባለው ሰው ሁለት ተራራ መካከል አልፎ የሚሻገርበት፣ እኛ ጣርማ በር ስንል በር የምንለው ዓይነት ቦታ ነው።)

ከ102 ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012፣ ከዚያው ስፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ልምድ ያካበቱ የስኪ (በረዶ ላይ በረጃጅም ቀጭን ሰሌዳ የመንሸራተት ስፖርት) ሰዎች ስብስብ ከስቲቨንስ ፓስ የስኪ ማዕከል ክልል ወጥቶ ተነል ክሪክ ወደሚባለው ተዳፋት ወረደ። በመካከላቸው በዚህ ሙያ እንጀራቸውን የሚበሉ፣ ተራራውን እንደ ደጃቸው የሚያውቁ ነበሩ፤ የነፍስ ማዳኛ መሣሪያም ይዘው ነበር። የሚረግጡት በረዶ ተሰነጠቀና ናዳ ሆኖ ወረደ፤ ሦስቱ ሞቱ። አብራቸው የተወሰደች አንዲት ሴት ከጀርባዋ ባዘለችው በአየር የሚነፋ ከረጢት ምክንያት ተረፈች።

በዌሊንግተን በረዶው ሰዎቹ ያሉበት ድረስ መጣ፤ በተነል ክሪክ ግን ሰዎቹ በረዶው ያለበት ድረስ ሄዱ። የዛሬው የበረዶ ናዳ አደጋ በአብዛኛው የሁለተኛው ዓይነት ነው። ሰው ከሞተባቸው አሥር አደጋዎች በዘጠኙ ገደማ ናዳውን የሚያስነሳው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት የተጓዘ ሰው ነው። ነገሩ የመርዶ ያህል ቢከብድም የሚያጽናና ጎን አለው፦ ናዳው በአብዛኛው የሰው ውሳኔ ውጤት ከሆነ፣ ውሳኔውን ማስተካከል ይቻላል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ውሳኔ የት ላይ እንደሚበላሽ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በአሜሪካ በየዓመቱ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ሰዎች፣ በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ደግሞ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች በበረዶ ናዳ ይሞታሉ። ኮቪድ ሰውን ከቤት ወደ ሜዳና ተራራ ባስወጣበት በ2020–21 የብርድ ወቅት በአሜሪካ የሟቾቹ ቁጥር 37 ደረሰ። ከእነዚህ 15ቱ የሞቱት በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ መካከል በነበረች አንዲት ሳምንት ውስጥ ነው፤ በዩታ ሚልክሪክ ሸለቆ ብቻ በአንድ ናዳ ስምንት ሰዎች ተይዘው አራቱ አልተረፉም። ወረርሽኙ አለፈ፤ ተራራ የመውጣት ልማዱ ግን ቀረ። በሲያትልና በዴንቨር የሚኖረው ወገናችንም ከዚህ ውጭ አይደለም። ከሲያትል ተነስቶ ስኖኳልሚ ፓስ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በበጋ በእግሩ የወጣበትን መንገድ በዲሴምበር የበረዶ መራመጃ ጫማ ተከራይቶ ሊደግመው የሚያስብ ወጣት ጥቂት አይደለም። አደጋውም የስኪ ሰዎች ብቻ ይመስለዋል። በረዶው ግን የረገጠውን እግር ምን እንደተጫማ አይጠይቅም።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ጥጥ የሚበተነውንም ሁሉ በረዶ እንለዋለን፤ የሰሜን ደጋ ሰው አመዳይና ውርጭ የሚሉ ቃላት ቢኖሩትም በየዓመቱ ሜትሮች እየተከመረ ለወራት የሚቆይ በረዶ በአገራችን ስለሌለ፣ ስለ ክምሩ ውስጣዊ ጠባይ የምንናገርበት ቃል አላዳበርንም። ተራራ ላይ የተኛው በረዶ ግን አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ውሽንፍር የራሱን ድርብ ያነጥፋል፤ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ልል፣ አንዱ እርጥብ ይሆናል። ሰው የሚገድለው ናዳ ብዙውን ጊዜ ከላይ የተጋገረ ጠንካራ ድርብ ከሥሩ ባለ ደካማ ድርብ ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠር ነው። ዘንበል ባለ ገበታ ላይ ስኳር በትኖ በላዩ ሌላ ጣውላ እንደማስተኛት ይቆጠራል፤ ጣውላው ለጊዜው ይቆማል፣ አንድ ጥግ ላይ ሲጫኑት ግን ሁለንተናው ባንዴ ይሄዳል። ስንጥቁ ሰውየው ከቆመበት በላይ ስለሚከፈት ተጓዡ ራሱን የሚያገኘው በሚንቀሳቀሰው ንጣፍ መሃል ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ የሚያየው ነገር አይደለም።

ደካማው ድርብ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ከሁሉ ይጠቅማል። በረዶው ስስ፣ አየሩ ደግሞ እጅግ ብርድ ሲሆን፣ ከመሬቱ አንጻራዊ ሙቀት የሚነሳው እንፋሎት በክምሩ ውስጥ ሽቅብ እያለፈ የታችኞቹን ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ወደማይያያዙ ጥርብ ክሪስታሎች ይለውጣቸዋል። በእጅ ሲዘገኑ እንደ ስኳር በጣት መካከል ይፈስሳሉ፤ በጓንት ቢጨብጧቸው ኳስ አይሆኑም። የኮሎራዶ ተራሮች ዋነኛ ጠንቅ ይህ ነው፤ በኖቬምበር የተፈጠረ ደካማ ድርብ ተቀብሮ ሳለ እስከ ማርች ድረስ ሊገድል ይችላል። ካስኬድ የተለየ ጠባይ አለው። ባሕር ቅርብ ስለሆነ በረዶው ብዙ፣ ከባድና እርጥብ ነው፤ በቤከር ተራራ በ1998–99 የወረደው 29 ሜትር ገደማ በረዶ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው በረዶ ውሽንፍሩ ካቆመ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ይረጋል፤ አደገኛዎቹ ሰዓታት ውሽንፍሩ ሳያቋርጥ፣ ወዲያው ባቆመ ማግስት፣ በተለይም በረዶ ላይ ዝናብ ሲጥል ነው። የዌሊንግተን ሌሊት ይህን ትመስል ነበር። ስለዚህ ሲያትል አሥር ዓመት ተራራ የወጣ ሰው ዴንቨር ሲዛወር ልምዱን እንዳለ ይዞ ሊሄድ አይገባም፤ «ሁለት ቀን ካለፈ ሰላም ነው» የሚለው የካስኬድ ልማድ ኮሎራዶ ውስጥ ሰው ያስቀብራል።

ተራራው ሳያስጠነቅቅ የሚቆጣበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይናገራል። በአቅራቢያው ትኩስ ናዳ የወረደበት ጠባሳ መታየቱ፣ በሚረግጡበት ጊዜ ከሥር «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ መሰማቱ፣ ከጫማ ጫፍ ተነስቶ በበረዶው ላይ የሚሮጥ ስንጥቅ ማየት፣ አየሩ ድንገት መሞቁ፣ እነዚህን ለማንበብ የምርምር ተቋም አያስፈልግም። ያ የታፈነ ድምፅ ደካማው ድርብ እግር ሥር ሲደረመስ የሚወጣ ነው፤ ሜዳ ላይ ከሆኑ ድምፅ ሆኖ ይቀራል፣ ተዳፋት ላይ ከሆኑ ናዳ ይሆናል። ነፋስን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ከሰማይ ምንም ሳይወርድ እንኳ ነፋስ በረዶውን ከተራራው አንዱ ገጽ ጠርጎ ከነፋስ በተከለለው ገጽ ላይ ይቆልለዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አንዱ ጎን የአንድ ሳምንት ያህል በረዶ በአንድ ሌሊት ሊሸከም ይችላል።

ጠለቅ ብለው መመርመር የሚፈልጉ በአካፋ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የጉድጓዱን ግድግዳ ካስተካከሉ በኋላ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የበረዶ ዓምድ ከሦስት ወገን ከፋፍለው ከጀርባውም ይቆርጡታል፤ አካፋውን አናቱ ላይ አስተኝተው መጀመሪያ ከእጅ አንጓ አሥር ጊዜ፣ ቀጥሎ ከክርን አሥር ጊዜ፣ በመጨረሻ ከትከሻ አሥር ጊዜ ይመቱታል። ዓምዱ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀላል መታ ላይ ሞሰብ ላይ እንዳለ ክዳን ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ከወጣ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሰው ክብደት ምን እንደሚያደርግ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በረዶን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ሆኖም ምርመራው የሚናገረው ስለዚያች ነጥብ ብቻ ነው፤ ሃያ ሜትር ርቆ ያለው በረዶ ሌላ ታሪክ ሊኖረው ስለሚችል፣ «አልተሰበረም» የሚለውን ውጤት እንደ ፈቃድ ወረቀት መያዝ ስህተት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚደገፈው ግን በዕለታዊው ትንበያ ነው፤ በሲያትል የሚገኘው የሰሜን ምዕራብ የበረዶ ናዳ ማዕከልም ሆነ የኮሎራዶው ማዕከል በነጻ ያወጡታል። ትንበያው በሰሜን አሜሪካም በአውሮፓም ከ1 እስከ 5 የሚቆጠር እርከን ይጠቀማል፦ ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። ችግሩ ያለው ከመሃል ነው። ፈተና ተፈትኖ ከአምስት ሦስት ያገኘ ተማሪ አለፈ እንደሚባል ሁሉ፣ እርከን 3ን ያየ ሰው «መካከለኛ ነው፣ ተጠንቅቄ እወጣለሁ» ይላል። የእርከኑ ትርጓሜ ግን ሌላ ነው፤ በራሱ የሚወርድ ናዳ ሊኖር ይችላል፣ ሰው የሚያስነሳው ናዳ ደግሞ የመከሰቱ ዕድል ሰፊ ነው ይላል። «ሊኖር ይችላል» እና «ዕድሉ ሰፊ ነው» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት የሕይወትና የሞት ርቀት ነው። አደጋው ከእርከን ወደ እርከን በእኩል ደረጃ አይጨምርም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከቀደመው እጥፍ በላይ ይከብዳል። በእርከን 5 ማንም አይወጣም፤ መንገዱም ይዘጋል። በእርከን 3 ግን ፀሐይ ትወጣለች፣ ትኩስ በረዶ ያማልላል፣ የመኪና ማቆሚያው ይሞላል። በስዊዘርላንድ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት እርከን 3 በተነገረባቸው ቀናት ነው። በእኔ ግምት ልምድ የሌለው ሰው 3ን ሲያይ ቀጥ ካለ ተዳፋት መራቅ እንጂ መጠንቀቅ አይበቃውም።

ትንበያውን አንብቦ፣ ምልክቱን አይቶ፣ አደጋውንም አውቆ የሚገባ ሰው አለ። ይህ የሳይንስ ጉድለት ስላልሆነ ከሁሉ ይከብዳል። ኢያን ማካመን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 715 የበረዶ ናዳ አደጋዎችን መርምሮ ያገኘው፣ ተጎጂዎቹ በአብዛኛው ምልክቶቹ ፊት ለፊታቸው እያሉ እንደገቡ ነው። ያሳሳቷቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ቦታውን መልመድ፣ የያዙትን ዕቅድ ላለማፍረስ መፈለግ፣ ሌላ ቡድን ሳይቀድመን እንድረስ ማለት፣ መሪው ያውቃል ብሎ መተው። እኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ከተነል ክሪክ ከተረፉት አንዳንዶቹ ኋላ እንደተናገሩት ስብስቡ በዝቷል የሚል ሥጋት በልባቸው ነበር፤ ከእነሱ የተሻሉ የሚሏቸው ሰዎች ባሉበት አፋቸውን አልከፈቱም። አሜሪካውያን ይህን ያህል ከተሸነፉ፣ ታላቅ ሲናገር ታናሽ በሚያዳምጥበት፣ «ጉዞውን አበላሸ» መባልን እንደ ነውር በምንቆጥርበት በእኛ ስብስብ ውስጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በቡድን የሚወጡ ጠንቃቆች ለዚህ መላ አበጅተዋል፤ ከመነሳታቸው በፊት ማንም ሰው ያለ ማብራሪያ «እንመለስ» ካለ ሁሉም እንደሚመለስ ይስማማሉ፣ የመጀመሪያውን አስተያየት የሚጠይቁትም ከቡድኑ ልምድ የሌለውን ነው። ከታላቁ ከተጀመረ ታናሹ የሚለው ነገር አይኖረውም።

መሬቱን መምረጥ በረዶውን ከማንበብ ይቀላል፤ በረዶ በየሰዓቱ ይለወጣል፣ ተራራው ግን አይለወጥም። ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚዘነብል ተዳፋት ላይ ነው፤ ከ30 ዲግሪ በታች ሲሆን እምብዛም አይነሳም፣ እጅግ ቀጥ ሲል ደግሞ በረዶው ሳይከማች ይረግፋል። ማዕዘኑን በስልክ መለካት፣ ወይም ቀጥ ያሉ ተዳፋቶችን በቀለም በሚያሳይ ካርታ አስቀድሞ ማየት ይቻላል። አሳሳቹ ነገር እግር የሚረግጠው መንገድ ሜዳ ሆኖ ሳለ ናዳው ከላይ መምጣቱ ነው። በስኖኳልሚ ፓስ አካባቢ ስኖው ሌክ ወደሚባለው ሐይቅ የሚወስደው ዝነኛ የእግር መንገድ በበጋ ቤተሰብ ከነልጁ የሚሄድበት ነው፤ በብርዱ ወቅት ግን የናዳ መውረጃዎችን ያቋርጣል። የግራናይት ተራራ መንገድም እንዲሁ በትልቅ የናዳ መውረጃ በኩል ያልፋል። የዌሊንግተን የድሮ ሐዲድ መስመር ራሱ ዛሬ አይረን ጎት የሚባል የእግር መንገድ ሆኗል፤ በመኸር ቅጠሉን ለማየት የሚሄዱበት ይኸው መንገድ 96 ሰዎች በሞቱበት ተዳፋት ሥር የሚያልፍ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው በጃንዋሪ አይሄድበትም። በጫካ መሃል ዛፍ ያልበቀለበት ቀጥ ያለ ሰንጥቅ ከታየ፣ ወይም ዛፎቹ ከላይ በኩል ያለው ቅርንጫፋቸው ተመልጦ ከታች በኩል ያለው ብቻ ከቀረ፣ ናዳ የሚመላለስበት ቦታ ነው።

በኢንተርስቴት 90 አውራ ጎዳና የጭነት መኪና ለሚነዱ ወገኖችም አንድ ነገር ልበል። ስኖኳልሚ ፓስ «ለናዳ መከላከል» ተብሎ ሲዘጋ፣ የመንገድ ሠራተኞች የተቆለለውን በረዶ መንገዱ ባዶ ሳለ በፈንጂ እያወረዱት ነው። የሁለት ሰዓት መዘግየት ለሾፌር ገንዘብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አቋራጭ ፍለጋ ማንም ወደማይቆጣጠረው የተራራ መንገድ መግባት ግን ከዚያ በላይ ያስከፍላል።

ናዳ ከያዘ በኋላ ያለው ነገር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በስዊዘርላንድ የተጠና የአርባ ዓመት መረጃ እንደሚያሳየው፣ በበረዶ ከተቀበሩት መካከል በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚወጡት ከአሥር ዘጠኙ ይተርፋሉ፤ 30 ደቂቃ ሲሞላ የሚተርፈው ከአሥር ሦስቱ ነው። 911 ተደውሎ ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ አይደርስም፤ የሚያድነው አብሮ የሄደው ሰው ብቻ ነው። ለዚህም እያንዳንዱ ሰው ቢከን የሚባለውን ሲግናል የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ልብሱ ሥር ታጥቆ፣ እየተገጣጠመ የሚረዝም መፈለጊያ ዘንግና አካፋ በቦርሳው ይዞ መሄድ አለበት። ናዳው ሲቆም የተረፉት ሁሉ መሣሪያቸውን ወደ ፍለጋ ይቀይራሉ፤ ሰውየው መጨረሻ ከታየበት ቦታ ወደ ታች ይፈልጋሉ፤ ምልክቱ ሲጠነክር በዘንግ ይወጋሉ፤ ዘንጉ ሰውን ከነካ አይነቅሉትም፣ ከሱ በታች በኩል ወደ ተዳፋቱ ውስጥ ይቆፍራሉ። የረጋ የናዳ በረዶ እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ቁፋሮው ነው።

ሥልጠና ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ጀማሪው ቢከኑን ይዞ በበረዶው ላይ ይሮጣል፤ ቀስቱ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይላል፣ ቁጥሩ ይዘላል፣ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ የተቀበረው ቦርሳ አይገኝም። አሠልጣኙ መጥቶ የሰውየውን የደረት ኪስ ይነካና ስልኩን ያወጣዋል። ስልክ፣ የሚሞቅ ጓንት፣ የመኪና ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የቢከኑን ሲግናል ይረብሻሉ፤ በጉዞ ላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በፍለጋ ጊዜ ደግሞ ግማሽ ሜትር ሊርቁት ይገባል። መሣሪያ ገዝቶ አለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ውጤት የለውም። መሣሪያው ሁሉን እንደማያድንም መታወቅ አለበት፤ ከሟቾቹ ቀላል ያልሆኑት የሚሞቱት ታፍነው ሳይሆን በናዳው ተወስደው ከዛፍና ከቋጥኝ ጋር ተላትመው ነው። ተዳፋት ሲያቋርጡ አንድ በአንድ መሄድ፣ የቀሩት ደህና ቦታ ቆመው የሚሻገረውን በዓይን መከተል፣ ይህ ልማድ ከመሣሪያው ይቀድማል።

ለማዳን ሲሮጡ የሚዘነጋው ነገር ደግሞ ለእኛ በረዶ ሳይኖርበት የታወቀ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ቤቶችን ሲቀብር፣ ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ በእጁ አፈር እየቧጠጠ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላዩ ወረደ፤ ከ200 በላይ ከሆኑት ሟቾች ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱት ነበሩ። የበረዶ ተራራም እንዲሁ ነው። ከላይ በኩል ያልወረደው ግማሽ ክምር ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት የሠለጠነ ቡድን ፍለጋ ሲጀምር፣ እጁ ቢከን ሳይሆን ዓይኑ ሽቅብ የሚሆን አንድ ሰው ያቆማል፤ የቀሩት ሲቆፍሩ እሱ ተራራውን ብቻ ያያል፣ አንዳች ነገር ሲንቀሳቀስ ይጮሃል፣ ወዴት እንደሚሮጡም አስቀድመው ተነጋግረዋል።